በወተት የጠፋ እሳት

ማርሳሊ ላሟን አልባ ከበረት ስትወጣ ኒያል ማክራይን በበረዶው ላይ እየጎተቱ ሲያመጡት አየች። ገመዱ በብብቱ ሥር አልፎ ደረቱ ላይ ተቋጥሯል፤ ጫፉን የያዙት ሰባት ስምንት ወንዶች ናቸው። ሽማግሌው በጉልበቱ ሊነሳ ሲል ገመዱን ሳብ ያደርጉታል፤ እንደገና በፊቱ ይደፋል። ከሐይቁ ማዶ ከጎጆው ደጃፍ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ በነጩ በረዶ ላይ የቀረው ፈለግ እንደ ቀይ ክር ይታያል።

«ቶርኪል የታለ?» አለ ከፊት የሚመራው ብረት ቀጥቃጩ ላክላን። በዚያ ብርድ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሏል።

«ከጓሮ ማገዶ ይፈልጣል። ምን አድርጋችሁት ነው ሰውዬውን?»

«ገና ምን አደረግነውና! ገና ነው።»

ከኋላው ያሉት ሳቁ።

«ልጁስ? ሩሪስ?»

«ሩሪ አንድ ዓይን ተርፎለታል። በእሱ ለአባቱ ያልቅስ።»

ማርሳሊ ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ስትራመድ የወተቱ ባልዲ ጋደል አለ። ጥቂት ወተት በረዶው ላይ ፈሰሰ።

ነገሩ የተጫረው ትናንት በላክላን ቤት ነው። የዳራክ መንደር ሴቶች አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ ሲያጠብቁ፣ እርጥቡን ጨርቅ ረጅም ሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ በዘፈን ምት እየደበደቡ ይቀባበሉታል። ያለ ዘፈን ጨርቅ አይጠብቅም። ከዘፈን ሁሉ ደግሞ ለክንድ የሚመቸው የማርሳሊ ባል፣ የገጣሚው የቶርኪል ዘፈን ነው፦

የእናቴን ምድጃ፣ የአያቴን እሳት፣
ኒያል ማክራይ አጠፋው በላሚቷ ወተት።
ስሙ ከአፍ አይጥፋ፣ እሳቱ እንደጠፋ፤
በሄደበት ሁሉ ፊቱ ላይ ይተፋ።

የኒያል ልጅ ሩሪ እናቱን ይዞ በደጅ ሲያልፍ ይህን ሰማ። ገባና መጀመሪያ ለመነ። «እባካችሁ፣ ስሙን ብቻ ተዉት። እናቴ ደጅ ቆማለች» አለ። የላክላን ታናሽ ወንድም ኤዋን «እንግዲያውስ እንድትሰማው ጮክ በሉ!» ብሎ ሳንቃውን በቡጢ ይመታ ጀመር። ሴቶቹ እየዘፈኑ ጮኹ። ማርሳሊም አብራ ጮኸች፤ ይህንን እስክትሞት አልረሳችውም። ሩሪ ከምድጃው ዳር ግንዲላ አንስቶ ኤዋንን ጆሮ ግንዱ ላይ አለው። ኤዋን ትንፋሹ አለ፤ እስካሁን ግን ዓይኑን አልገለጠም።

ከዳራክ ሰዎች አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ፣ ከስካይ ደሴት የመጡ ናቸው። ባለርስቱ ጌታ መሬቱን ለበግ አርቢ አከራይቶ ሰዉን ሲነቅል፣ ሹሞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የሣር ክዳኑን በችቦ ይለኩሱ ነበር። ቶርኪል ያን ጊዜ ገና ልጅ ነው። በእናቱ ቤት ያለው እሳት ከአባቱ ቅድመ አያቶች ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ ማታ በአመድ ተሸፍኖ ይተኛል፣ ጠዋት በጸሎት ይቀሰቀሳል። የዚያን ቀን ልጁ ከውጭ ሮጦ ሲደርስ ምድጃው በወተት ርሶ ይጨሳል፤ የሹሙ ጓዝ ተሸካሚ የነበረው ኒያል ማክራይ ደግሞ ባዶ ባልዲ እያንጠባጠበ ከበሩ ይወጣል። ያየው ይህንን ነው። ጎልምሶ ዘፈን አደረገው።

ዘፈኑ በእያንዳንዱ መርከብ ባሕር ተሻገረ። ኒያልም ሳይቆይ እንደሌላው ተነቅሎ ወደዚሁ፣ ዳራክ ወዳለችበት ወደ ኬፕ ብሬተን መጣ፤ ግን በደረሰበት ሁሉ ዘፈኑ ቀድሞት ይጠብቀዋል። እሳት ሲጠፋበት ፍም የሚሰጠው ጎረቤት የለም፤ ብረትና ባልጩት እያፋጨ ያነድዳል። ሴት ልጆቹን የሚጠይቅ ጠፍቶ ሁለቱም ከተማ ወርደው ገረድ ሆኑ። «ወተት ደፊው» ይሉታል ሕፃናት እንኳ። ከሰፈር ሰፈር ሲሸሽ ቆይቶ በመከር ወራት ዳራክ ሲደርስ፣ ገጣሚው ራሱ እዚህ መኖሩን አላወቀም ያለ ነበር፤ አውቆ ነው የመጣው ያለም ነበር።

ቶርኪል መጥረቢያውን እንደያዘ ከጓሮ ብቅ አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ያለጊዜው የሸበተ ሰው ነው።

«አንተ የፈረድክበትን ሰው አምጥተንልሃል» አለ ላክላን። «ቃልህን ነው የምንጠብቀው።»

ቶርኪል መጥረቢያውን ግንድ ላይ ሰካው። ቀስ ብሎ መጣና በኒያል ፊት ቆመ። ማርሳሊ ባሏን ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌውን በአንገትጌው ይዞ አነሳውና በቡጢ አፍንጫው ላይ መታው። የአጥንቱ ድምፅ ተሰማ።

«ተናገር! በእናቴ ደጅ ላይ ቆመህ ተናገር!»

«እኔ አላፈሰስኩም» አለ ኒያል። ደሙ አፉ ውስጥ እየገባ ያንቀዋል። «ብዬ ነበር። አሁንም እላለሁ።»

«ባልዲው በእጅህ ነበር!»

«በእጄ ነበር።»

«ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር!»

«ይንጠባጠብ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው ያፈሰሰው? ሰይጣን ነው?»

ኒያል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ከቶርኪል ትከሻ በላይ አልፎ ወደ ቤቱ በር ሄደ። እዚያ ጥቂት ቆየ። ከዚያ አፉን ገጠመና አንገቱን ደፋ።

«እይ! መልስ የለውም ወተት ደፊው!» አለ አንዱ፣ በጫማው ወገቡን እየረገጠው።

«የት ልትደርስ ነው ዳራክ የመጣኸው?» አለ ቶርኪል። «መሬት ጠፍቶ ነው? እኔ ያለሁበት ድረስ ልትመጣ ምን ደፈርክ?»

«ከዘፈንህ የምሸሽበት ስላጣሁ» አለ ኒያል ቀና ሳይል፣ «ወደ አንተው መጣሁ። ስታየኝ ይደክምህ ይሆናል ብዬ።»

ቶርኪል ገመዱን የያዙትን ሰዎች ቀና ብሎ አያቸው። ያን ጊዜ «ተዉት» ቢል ይተዉት ነበር። ማርሳሊ እስከ ዕለተ ሞቷ ይህን አልተጠራጠረችም። ገጣሚ የፈታውን የሚያስር በዳራክ አልነበረም።

«ውሰዱት» አለ።

ሐይቁ ላይ በረዶው ተቆፍሮ ከብት የሚጠጣበት ጉድጓድ አለ። ወዴት እንደሚወስዱት መናገር አላስፈለገም። ገመዱ ተወጠረ፤ ሽማግሌው እንደገና በሆዱ ተንሸራተተ። ቶርኪልም ተከተላቸው።

ማርሳሊ ግን አልተከተለችም። የኒያል ዓይን ያረፈበትን ቦታ ዘወር ብላ አየች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ የቶርኪል እናት የእማማ ሾኔት ነጭ ሻሽ ይታያል። አማቷ ቆመው ሲያዳምጡ ነበር። ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ያለ ደጋፊ ቆመው አያውቁም።

ማርሳሊ የሌላ ደሴት ልጅ ናት። ዘፈኑን የተማረችው በሙሽርነቷ ነው። አንድ ነገር ግን ያን ጊዜም ገርሟት ነበር፦ አገር ሁሉ ሲዘፍነው እማማ ሾኔት አይዘፍኑትም። ወገባቸው ሳይያዝ፣ ዘፈኑ ሲጀመር እሳቱን ለመቆስቆስ ይነሱ፣ ወይ ውሻውን ያስወጡ ነበር። የደረሰባቸውን ስለሚያስታውሳቸው ነው ብላ ትተወው ነበር።

ባልዲውን እንደያዘች ገባች።

«እማማ፣ ሰውዬው እርስዎን አይቶ ነው ዝም ያለው።»

አሮጊቷ በሩን ለቀቁት። ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ምድጃው መለስ አሉ።

«እማማ! ሊያሰጥሙት ነው!»

«ሰማሁ። ጆሮዬ አልሞተም።»

«የሚያውቁት ነገር ካለ ይናገሩ። እኔ ሮጬ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺን ማን ይሰማሻል? የቶርኪል ዘፈን ነው ያሰከራቸው፤ የሚስቱን ጩኸት ይሰማሉ?» እማማ ሾኔት እሳቱን አዩት። ይህ እሳት እዚህ ሲደርሱ ከባዕድ ሰው ቤት ተለምኖ የተጫረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት ሌሊት ጠፍቶ አያውቅም። በየማታው በአመድ የሚያለብሱት፣ የሦስቱን ሥላሴ ስም እየጠሩ የሚያስተኙት እሳቸው ናቸው። «እኔን ተሸክመሽ ሐይቁ ድረስ መሄድ አትችዪም። እነሱ ናቸው ወደዚህ መምጣት ያለባቸው።»

«በምን ላምጣቸው?»

«ባልዲውን አምጪው።»

ማርሳሊ አልገባትም። እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ባልዲውን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከንፈራቸው አንድ ነገር አለ፤ ጸሎት ይሁን ስም አልሰማችም። ከዚያ ትኩሱን ወተት ምድጃው መሐል ገለበጡት።

እሳቱ እንደ ተወጋ አውሬ ጮኸ። እንፋሎቱ እስከ ጣሪያው ፈነዳ፤ የተቃጠለ ወተት ክርፋት ቤቱን ሞላው። ማርሳሊ ዓይኗን ሸፍና ወደ ውጭ ሮጠች። በጭስ ማውጫው ነጭ ዳመና ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ተበተነ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ጣሪያው ላይ ባዶ ሰማይ ብቻ ቀረ።

በእነዚያ ሰዎች ዘንድ በብርድ ወራት ከቤት ጭስ ቆመ ማለት ቤቱ ውስጥ ሰው ሞተ ማለት ነው።

ሐይቁ ላይ ኒያልን በራሱ ዘቅዝቀው አንድ ጊዜ ነክረው አውጥተውታል፤ ለሁለተኛ ጊዜ እየነከሩት ነበር። መጀመሪያ ያየው ቶርኪል ነው። ከሩቅ እጁን ወደ ጣሪያው ሲዘረጋ ማርሳሊ አየችው። ከዚያ «እማዬ!» የሚለው ጩኸቱ በበረዶው ላይ ተንከባሎ መጣ። መሮጥ ጀመረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሌሎቹም እየተያዩ ተከተሉት። ላክላን ግን ገመዱን አልለቀቀም። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ሽማግሌ እንደ ታደነ አሳማ ከኋላው ይጎትተዋል።

እማማ ሾኔት በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ባዶው ባልዲ በእጃቸው ነው፤ ከጠርዙ ወተት ይንጠባጠባል። ቶርኪል ሊያቅፋቸው ሲመጣ ባልዲውን አይቶ ባለበት ደረቀ።

«እማዬ… ምን አደረግሽ?»

«አባትህ ያደረገውን።»

ቶርኪል በትከሻቸው ላይ አልፎ ወደ ጠፋው ምድጃ አየ።

«አባትህ ሙርዶ ነው እሳቱን ያጠፋው» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰሙት። «ሹሙ ችቦውን ይዞ ደጅ ቆሟል። ሙርዶ ‹የአባቶቼን እሳት የእነሱ እጅ አይነካትም› አለ። በቤቱ ውሃ አልነበረም። የጠዋቱን ወተት እኔ አቀበልኩት፤ እሱ አፈሰሰው።»

«ኒያል… ባልዲው…»

«ኒያል ገብቶ ሲያይ ተንበርክኮ ፍሙን በእጁ ሊያወጣ ሞከረ። ላክላን፣ አንተ እሳት ታውቃለህ። የዚህን ሰው መዳፍ ገልብጠህ እይ።»

ላክላን ሳይወድ ጎንበስ አለ። የሽማግሌውን ጣቶች ገለጠ። ሁለቱም መዳፎች እንደ አሮጌ ቆዳ ተኮማትረው ያበራሉ። ብረት ቀጥቃጩ አየና እጁን እንደተቃጠለ ሰው ቶሎ ለቀቀው።

«‹ባልዲው እንኳ አይቃጠልባችሁ፣ ለልጆቹ ያስፈልጋችኋል› ብሎ ይዞልኝ የወጣው እሱ ነው» አሉ እማማ ሾኔት። «አንተ ያንን አየህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ቶርኪል።

«አባትህ በዚያው በር ላይ አስማለን፤ እኔንም እሱንም። ‹የገዛ ምድጃውን ያጠፋ› እንዳይባል። ከዚያ መርከብ ላይ ሞተብን። ከዚያ ደግሞ አንተ ዘፈንከው።» አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። «ዘፈኑ ያምር ነበር ልጄ። ሙርዶ በዘፈኑ ውስጥ ንጹሕ ነው። ዝም አልኩ። ኒያል ግን የማለውን እስከ ጉድጓዱ ድረስ ጠበቀ።»

ቶርኪል ወደ ኒያል ዞረ። ሽማግሌው በረዶ ላይ ተጋድሟል፤ ፂሙ ላይ ያለው ውሃ መርጋት ጀምሯል። ገጣሚው ገመዱን ለመፍታት ተንበረከከ፤ ጣቶቹ ግን ቋጠሮውን ማግኘት አቃታቸው።

«እና የወንድሜ ጭንቅላትስ?» አለ ላክላን።

ሁሉም ወደ እሱ አዩ።

«ወተቱን ማንም ይድፋው! ኤዋን እዚያ ተጋድሟል፤ እናቴን እንኳ አያውቃትም! ይህ ነገር በወተት ወሬ ሊያልቅ ነው?» ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ግንድ ላይ የተሰካውን መጥረቢያ ነቀለ፤ በስለቱ በኩል ይዞ እጀታውን ወደ ላይ አነሳ። ለኒያል ራስ ነበር ያሰበው። ቶርኪል ተነስቶ መሐል ገባ።

እጀታው አፉ ላይ አረፈ።

ማርሳሊ ድምፁን ሰማች፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ባሏ አልወደቀም። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ እጁን ሲገልጥ ጥርሶቹ ከደሙ ጋር በረዶው ላይ ወደቁ። ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ አገጩ ወደ አንድ ጎን ዞሯል።

ላክላን መጥረቢያውን ጣለው። የገጣሚ አፍ መምታት እርግማን የሚያመጣ ነውር እንደሆነ ከእሱ ጋር የመጡት ሁሉ ያውቃሉ፤ አንዱ ቆቡን አወለቀ፣ ሌላው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ብረት ቀጥቃጩ «ወንድሜ…» ብሎ ጀመረ፤ ወንድሜ ያለው ኤዋንን ይሁን ቶርኪልን አልታወቀም። ከዚያ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዛሬ ቶርኪል የሕይወቱን ታሪክ የጻፈበትን መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች፣ ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ሰው ለምን ከዘፈን ወደ ብዕር ዞረ ብለው ይጠይቃሉ። የዞረው በዚያ በረዶ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃል በአፉ ቀና ብሎ አልወጣለትም። መጻፍ ሲማር መጀመሪያ የጻፈው የዚያን ቀን ታሪክ ነው፤ ስሞቹን ሁሉ በየቦታቸው አድርጎ፣ የራሱን አስቀድሞ። ሰው ግን መጽሐፉን አንብቦ ይጨርስና ዘፈኑን መዝፈን ይቀጥላል። ይህ ነው እስከ መቃብር የበላው።

ሁለት ሰዎች ኒያልን ደግፈው አነሱት። አንደኛው ቅድም ወገቡን የረገጠው ነው። ቶርኪል እጁን ሲዘረጋለት ሽማግሌው አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ተወኝ» አለው። «በእግሬ እሄዳለሁ።»

ሰዎቹ ሲሄዱ እማማ ሾኔት መቀመጫቸው ላይ ተደፍተው «እሳት አምጪ ልጄ» አሉ።

«ከማን ቤት?»

አሮጊቷ በበሩ በኩል ወደ ሐይቁ ማዶ አዩ። ማርሳሊ መጠየቅ አልነበረባትም።

ክዳን ያለውን የብረት ድስት ይዛ፣ ሥሩ ላይ አመድ አድርጋ፣ በቀዩ ፈለግ ላይ ሄደች። በየቤቱ በር ሴቶች ቆመዋል። ማንም ሰላም አላላትም፤ እሷም ማንንም አላየችም። የኒያል ጎጆ ደጃፍ ስትደርስ የበሩን መቃን ያዘች።

የኒያል ሚስት ኤፊ ምድጃው አጠገብ ተንበርክካ የሩሪን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ልጁ በጨርቅ በታሰረው ዓይኑ ላይ እጁን ጭኖ ያቃስታል። ኒያል ጥግ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

«ሰላም ለዚህ ቤት» አለች ማርሳሊ። ፍም የሚለምን ሰው የሚለው ይህንን ነው። ማንም ቀና ሳይል ሲቀር ደገመችው። «ሰላም ለዚህ ቤት። እሳት ጠፋብን።»

ኤፊ ቀና አለች።

«ትናንት ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ» አለቻት። «ደጅ ቆሜ። አንቺ ነሽ ከሁሉም የምትበልጪው።»

«እኔ ነኝ።»

«የማን እሳት ነው የጠፋው?»

«የእማማ ሾኔት።»

«ማን አጠፋው?»

«ራሳቸው።»

«በምን?»

«በወተት።»

ኤፊ ባሏን አየችው። ኒያል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ በተጨፈነው ሽፋሽፍት ሥር እንባ ወጣ። ሴትየዋ የልጇን ዓይን ማሰሪያ አጠበቀች። ማርሳሊ ድስቱን እንደያዘች ቆመች፤ ባዶውን ይዛ ለመመለስም ተዘጋጅታ ነበር።

«እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ» አለች ኤፊ በመጨረሻ፣ «ከእኔ ቤት እሳት የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዴት እንደሚሰጥ ረስቻለሁ። ገብተሽ ራስሽ ውሰጂ። የእኔ እጅ የልጄ ደም አለበት።»

ማርሳሊ ገባች። መቆንጠጫውን አንስታ ፍሞቹን አንድ በአንድ አመዱ ላይ አስቀመጠች። ስትወጣ ኤፊ «ክዳኑን ገርበብ አድርጊው፤ ይታፈናል» አለቻት።

ቤት ስትደርስ ቶርኪል ምድጃው ፊት ተንበርክኮ የረጋውን ወተትና ጥቀርሻ በጥፍሩ እየፋቀ ነበር። ድንጋዩን እስኪደርቅ በሸሚዙ ወልውሎታል። ፍሞቹን አየና ጭራሮ ደረደረ። ማርሳሊ ገለበጠችለት። ቶርኪል ሊያርገበግበው ጎንበስ ብሎ «እፍ» ለማለት ሞከረ፤ የተሰነጠቀው ከንፈሩ ትንፋሹን አልይዝ አለ። እንደገና ሞከረ። ከአፉ ደም ጠብ ብሎ አንዱ ፍም ላይ ወደቀና ችስ አለ።

ሚስቱ ትከሻውን ይዛ ወደ ጎን አደረገችው። ተንበረከከችና በእሱ ፈንታ እፍ አለችው።